ሰመር በሐምሌ

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጎረቤት ከጎረቤት በማይደማመጥበት በሐምሌ ወር፣ የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ ጃኪ «ሰመር ገብቷል» ብሎ አወጀ። ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ የሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ጎርፍ እየዘለለ የሚያልፈውን ሁሉ «ሙቀቱ አልከበዳችሁም?» ይላል። ሰውም ጃንጥላው ሥር ሆኖ አየት ያደርገውና መንገዱን ይቀጥላል።

ጃኪ እናቱ ያወጡለት ስም ጀማነህ ነው። ጀማነህ በነበረበት ዘመን ደህና ፀጉር ቆራጭ ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም። ሳሎኑን በመስታወትና በመብራት ካንቆጠቆጠ ወዲህ ግን ወቅት የሚገባለትም የሚወጣለትም በስልኩ ውስጥ በሚያያቸው ፈረንጆች አቆጣጠር ሆነ። መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ አበባ ሲለብስ እሱ «ፎል ነው፣ ቅጠል የሚረግፍበት ነው» ብሎ የሴቶቹን ፀጉር የደረቀ ቅጠል ያስመስለዋል። ጥር ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ደግሞ «ዊንተር» ብሎ አመድ ያለብሳቸዋል። ደንበኛን ምን እንደምትፈልግ መጠየቅ ለእሱ ነውር ነው። «እኔ የምሠራው ሴዞኑ የሚለውን ነው» ይልና ወንበሩን ከመስታወቱ ያዞረዋል። ሥራው ሳያልቅ ማየት ክልክል ነው። ካለቀ በኋላ ማየት ደግሞ የሚጠቅመው ነገር የለም።

እትዬ አስካለ ቅዳሜ ዕለት እዚህ ሰውዬ እጅ ገቡ። የገቡትም ያለ ምክንያት አልነበረም። በማግስቱ እሑድ ልጃቸውን እመቤትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። እመቤትና ልጁ ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የልጁ አባት ግን በግድ ነው እሺ ያሉት፤ ይኼ ነገር ከተደናቀፈ ሌላ ያሰቡለት ልጅ እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እትዬ አስካለ ቤታቸውን አጸዱ፣ ወጡን አሰቡበት፣ የቀራቸው ራሳቸው ነበር።

«ልጄ፣ ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ደህና አድርገህ ሹሩባ ሥራኝ» አሉት።

«ሹሩባ? ማሚዬ፣ በዚህ ሙቀት?»

እትዬ አስካለ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ነበር። «የቱ ሙቀት?»

«ሰመር ነው እኮ! አናት መተንፈስ አለበት። ዝም ብለሽ ለኔ ተይው።»

እሳቸውም ተዉለት። ማሽኑ ሲያጓራ ጫፍ ጫፉን የሚያስተካክል መስሏቸው ነበር። ወንበሩ ወደ መስታወቱ ሲዞር አንድ የማያውቁት ወታደር ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሆነ። ጃኪ ግን አልደነገጠም፤ «ብዙዎቹ ያለቅሳሉ» አለ በኩራት፣ መነጽሩን ከፍ እያደረገ።

እንባቸውን ከዝናቡ ጋር እያቀላቀሉ ቤት ሲገቡ ባላቸው ጋሽ ዘለቀ በር ላይ ተቀበሏቸው። ጋሽ ዘለቀ ዕድሜያቸውን የፈጁት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ሲቆርጡ ነው፤ ከመንገደኛ ጋር ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ መልስ አያጡም። ቀና ብለው አዩዋቸውና «ግባ፣ አስካለ የለችም» አሉ። በዚህ ቀልድ የተነሳ እራት አልቀረበላቸውም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እትዬ አስካለ ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው ዓይናቸው አብጧል። የተላጨ ራስ ላይ ሻሽ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ትንሽ የሚይዝ የተገኘው ጥቁሩ ሻሽ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ እንግዳወርቅ ገብተው እትዬ አስካለ እጅ ለመንሳት ጎንበስ ሲሉ መሬት ወረደ።

የተላጨ ራስ፣ ያበጠ ዓይን፣ ጥቁር ሻሽ። እኛ አገር እንዲህ ሆና ለምትታይ ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ማን ሞተ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞሩ። ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቁ «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ምን ይቅረብ?» ይላሉ። በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ለሚስትየዋ ተነግሯል፤ ለባልየው ግን መርዶው ገና ነው።

አቶ እንግዳወርቅ ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑት የሰነበቱትን ንግግር ዋጡት። «እንዲያው... በዚህ ስናልፍ ደህና ናችሁ ወይ እንበል ብለን ነው» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው እመቤት ግድግዳውን ተደገፈች።

ጋሽ ዘለቀ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ኧረ የሞተ ሰው የለም! ሳሎን ሄዳ ነው!»

አቶ እንግዳወርቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የጋሽ ዘለቀን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉና «አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንከር በል» አሉ።

«በማርያም! ሰው አልሞተብኝም!»

«ይሁን፣ ይሁን» እያሉ ወጡ። ጋሽ ዘለቀ በማሉ ቁጥር ለእሳቸው ያለው ሐዘኔታ ይብስ ነበር። በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ሽማግሌዎቹን ያዟቸው። እትዬ ብርቄ ቅዳሜ ዕለት አስካለ እያለቀሱ ሲገቡ በአጥር አይተዋል፤ የሚያዩትን ሁሉ የሚያዩት በአጥር ነው። «አደራ፣ እንዳታወጡት» አሉ በሹክሹክታ። «ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እናረዳቸዋለን።» አቶ እንግዳወርቅም «ዘመድ ልንሆን አልነበር? እኛም እንገኛለን» አሉ። «አልነበር» የምትለዋን ቃል እመቤት በመስኮት ሰምታ አልጋዋ ላይ ወደቀች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዘለቀ ሲከፍቱ ጎረቤቱም ሽማግሌውም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ግቢውን ሞልቶታል። ገቡ፣ ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፉ። አቶ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ጋሽ ዘለቀ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን...» ብለው ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ። «ይንገሯቸው እንጂ።»

«እኔ? እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚያውቁት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ አይደሉም እናርዳቸው ያሉት?»

«እናርዳቸው አልኩ እንጂ ማን እንደሞተ መች አልኩ?»

ሁሉም ተያየ። አንዱ የባሕር ዳሩ ወንድማቸው ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ሌላው የለም አክስታቸው ናቸው አለ። ሬሳው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ክርክሩ እስኪረፍድ ድረስ ቀጠለ። ጋሽ ዘለቀ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ካፖርታቸውን አነሱ።

«እኔ የሞተ የለም ብል አታምኑኝም። አስካለ ብትልም አታምኗትም። ኑ ተከተሉኝ፤ የሚያውቅ ሰው አለ።»

ዝናቡ ይወርዳል። ጃኪ በሩን ከፍቶ መስታወቱን እየወለወለ ሳለ ለቀስተኛው ግር ብሎ ገባ። አቶ እንግዳወርቅ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጡና ፊታቸው ሳይወዱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌሎቹ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር በተርታ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እትዬ ብርቄማ ተርታውን ሲያዩ ሆዳቸው አልቻለም፤ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ጃኪ መነጽሩን አወለቀ። ከሰመር ወዲህ ዓይኑን ስናይ ያን ጊዜ የመጀመሪያችን ነው። «ምንድነው? ማን ሞተ?»

«እኛም የመጣነው እሱን ልንጠይቅህ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «የሚስቴን ራስ ያየ ሁሉ ማን ሞተ ይለኛል። እኔ አላውቅም። የላጨሃት አንተ ነህ፤ በል ማን እንደሞተ ንገራቸው።»

«ማንም አልሞተም!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ በእናቴ! ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ለምን ላጨሃት?»

«ለሙቀቱ!»

ይኼን ሲል በረዶ ቆርቆሮውን አንኳኳ። ለቀስተኛው ሁሉ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ። አቶ እንግዳወርቅ ወንበሩን እንደምንም ወደ ጃኪ አዞሩና «ለምኑ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ እንባቸው ገና አልደረቀም ነበር። ከዚያ ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ አቶ እንግዳወርቅ ከወንበሩ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ትናንት የዋጡትን ንግግር ከነሙሉ ክብሩ፣ ፀጉሯ አረንጓዴ የሆነ የፈረንጅ ሴት ፎቶ ሥር ቆመው ተናገሩት። ወጉ «እንመክርበትና ቀን እንቆርጣለን» ማለት ነበር። ጋሽ ዘለቀ ግን ጃኪ ሌላ ሴዞን ሳያስገባ ነገሩ ይለቅ ብለው እዚያው እሺ አሉ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እትዬ ብርቄ ለለቅሶ ያዘጋጁትን ጉሮሮ ለእልልታ አዋሉት።

ሰው እየተመራረቀ ሊወጣ ሲል፣ ጃኪ ነፍሱ ተመልሳለት ኖሮ፣ መነጽሩን ሰክቶ በሩ ላይ ቀደማቸው።

«ጋሼ፣ የሙሽራዋን ነገር ለኔ ይተዉት! ጥር ዊንተር ነው፤ ሴዞኑ የሚለውን ሠርቼ ጉድ ነው የማሰኛት።»

ጋሽ ዘለቀ ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ለሠርጉ እንኳ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። አንተን ሰው ሲሞትብን እንጠራሃለን።»