የደብሪቱ አንድ ገጽ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ደብሪቱ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ፊደል ግን አልያዝ ብሏታል። ዛሬ የለየችው ነገ ይጠፋታል። ሰነፍ እንዳትሏት፤ ከክፍሉ ሁሉ የምትለፋው እሷ ነበረች።

በዚያ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ለከበደው ልጅ በየመንፈቅ ዓመቱ አንድ ግብ ይጻፍለታል። የተጻፈውን በወላጆች ቀን በሰው ሁሉ ፊት ያሳያል። ካሟላ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጥላል፤ ካላሟላ አንደኛ ክፍል ይወርዳል። ደብሪቱ በዓለም ላይ የምትፈራው ይህን ብቻ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ታናሽ እህቷ አለቻ!

ግቡን ለመጻፍ ሦስት ሰዎች ቢሮ ተቀመጡ። ደብሪቱ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

የድጋፍ መምህሯ ቲቸር ፀዳለ፣ «ሃያ ፊደል ትለይ። ይህን ትችላለች» አለች።

እናቷ አልጋነሽ ደሟ ፈላ። «ሃያ ፊደል? ጎረቤት ሁሉ እያየ? ልጄን መሣቂያ ልታደርጓት ነው? እንደ እኩዮቿ አንድ ሙሉ ገጽ ታንብብ!» ካልተጻፈ አልፈርምም ብላ እስክሪብቶውን ወረወረች። ልጇን ማንም ዝቅ አድርጎ ሲያያት አትወድም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገዛኸኝ ጻፉት። «ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የተጻፈው ይፈተናል። ለማንም አይለወጥም» ብለው ማኅተም መቱበት።

ቲቸር ፀዳለ ልጅቷ ገጹን በአራት ወር እንደማትደርስበት ታውቃለች። አንደኛ ክፍል ስትወርድ ማየትንም አንጀቷ አልቻለም። ስለዚህ ፊደሉን ተወችና ከንባብ መጽሐፉ አንድ ገጽ መርጣ በቃል አስጠናቻት፤ ስለ አንዲት ላም የሚያወራ ገጽ ነው። «ወረቀቱን እንዳታዪ የኔ ቆንጆ፣ ግራ ያጋባሻል። ከንፈሬን እዪ» ትላታለች። ደብሪቱም ከንፈር እያየች ገጹን እንደ ውኃ ጠጣችው።

ብቻዋን ስትሆን ግን ወረቀቱን በስርቆት ታየው ነበር። አንድ ቀን «ላ» እና «ም» ጎን ለጎን ሲቆሙ ላም እንደሚሆኑ በራሷ ገባት። ደስታዋን ለማንም አልተናገረችም፤ አታዪ ተብላለችና።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ደብሪቱ መጽሐፉን ይዛ ወጣችና ገጹን ሳታይ የላሟን ታሪክ ጀመረች። አቶ ገዛኸኝ የገዛ ልጃቸውን እንኳ ከክፍል ያስደገሙ ሰው ናቸው፤ ሽምደዳ ሲያዩ ያውቁታል። መጽሐፉን ከእጇ ተቀብለው ሌላ ገጽ ገለጡና መለሱላት። «ይህን አንብቢ ልጄ።»

ደብሪቱ ቀና ብላ የቲቸር ፀዳለን ከንፈር ፈለገች። ከንፈሩ ገጥሟል። በድንጋጤ አፏ ብቻውን ሄደ፤ የላሟን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ቃል ሳትሳሳት፣ ጮክ ብላ ለቀቀችው። ገጹ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነበር። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ በዚያ የዝናብ ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ከዝናብ የተጠለለች አንዲት ላም ተጽፋ ነበር። ደብሪቱ አየቻት። ጣቷን ቃሏ ላይ አድርጋ «ላም» አለች፤ በሰው ፊት በእውነት ያነበበቻት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ሣቁ ዋጣት፤ ማንም አልሰማም።

ሰኞ ጠዋት አንደኛ ክፍል፣ ከታናሽ እህቷ ጎን ተቀመጠች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ እግሯን ወደ ጎን አውጥታ ነው የዋለችው።

ስትወጣ ሦስቱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ስለምወድሽ ነው» አለች እናቷ፣ እጇን ዘርግታ።

«ስላሳዘንሽኝ ነው» አለች ቲቸር ፀዳለ፣ እጇን ዘርግታ።

«አንቺን ያልዋሸሁሽ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ አቶ ገዛኸኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ደብሪቱ ያለቻት ነፃ እጅ አንድ ናት፤ በሌላው ታናሽ እህቷን ይዛለች። እንግዲህ እናንተ ተከራከሩበት፤ ያቺን እጅ ለማን ትስጥ?