ከሁለቱ ፕሮግራሞች የቱ ይሻላል?

ሐዋሳ ውስጥ በየሰርጉ ኪቦርድ እየተጫወተች የምትተዳደር አንዲት ወጣት ነበረች። ዘፈን በኮምፒውተር ማቀናበር አማራትና ሁለት ፕሮግራሞች አማረጠች፤ ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን የሚበቃው ለርካሹ ብቻ ነበር። በከተማው ማቀናበር የሚያስተምሩት ስመ ጥሩው ጋሽ ምንተስኖት ደግሞ ውዱን ፕሮግራም ራሳቸው ይሸጣሉ፤ ርካሹን የያዘ ተማሪ ክፍላቸው ድርሽ እንዲል አይፈቅዱም።

ልትመዘገብ ስትሄድ ተማሪዎቻቸው ፊት አቆሟትና እንዲህ አሏት፦

«ሁለት ዘፈኖቼን አሰማሻለሁ። አንዱን በውዱ፣ አንዱን በርካሹ ነው ያቀናበርኩት። ካልለየሻቸው ጆሮ የለሽምና ወደ ሰርግሽ ተመለሺ። ከለየሻቸው ደግሞ ልዩነቱን አምነሻልና ተበድረሽም ቢሆን ውዱን ትገዢያለሽ።»

ወጣቷ ሁለቱንም ዘፈኖች እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማች።

«እህሳ፣ ለየሻቸው?» አሉ ጋሽ ምንተስኖት።

«አልለየኋቸውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጆሮ የለሽም።»

«ጆሮዬስ ደህና ነው፤ በሁለቱም እኩል ነው እንቅልፌ የመጣው» አለች። «በርካሹም ሰውን እንዲህ ማስተኛት ከተቻለ፣ ውዱን ልግዛ ብዬ ዕዳ ውስጥ ምን አስገባኝ?»