ለማንም ያልተነገረው ጠላ

አንድ ጠላ አዋቂ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ፈንቴ ነው፤ ከተማው ግን አያ ፈንቴ ይለዋል። ሥራው ኮርቻ መስፋት ነው። ጠላ አዋቂ ስላልኳችሁ ሰካራም እንዳይመስላችሁ! ከሁለት ጣሳ አልፎ አያውቅም። የሚወደው ሞቅታውን ሳይሆን ጣዕሙን ነው። አንዴ ጎንጨት አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያበቃ፣ ብቅሉ በደንብ በቅሎ እንደሆነ፣ እህሉ ሲቆላ አርሮ እንደሆነ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ እንደሆነ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም።

እንደሱ ጣዕም የሚወዱ አምስት ባልንጀሮች ነበሩት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰባሰባሉ። ሥርዓታቸው እንዲህ ነው፦ በሳምንቱ ውስጥ ጥሩ ጠላ ያገኘ ሰው ቤቱን ይጠቁማል፤ ሌሎቹ ተከትለውት ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ማንም ሳይናገር ይጠጣሉ። ከዚያ በየተራ ያገኙትን ጣዕም ይናገራሉ። ጥቆማው ጥሩ ከሆነ ጠቋሚው ይመረቃል። መጥፎ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ሳያጨማድድ ጣሳውን እንዲጨርስ ይፈረድበታል፤ በዚያ ላይ «አፍህ ታስሯል» ይባልና ለአንድ ወር መጠቆም አይችልም። ልብስ ሰፊው ባምላኩ፣ ምስኪን፣ የዓመቱን ግማሽ የሚኖረው አፉ ታስሮ ነው። የአያ ፈንቴ አፍ ግን አንድም ቀን ታስሮ አያውቅም። እሱ «እዚያ ቤት ሂዱ» ካለ በሳምንቱ መቀመጫ አይገኝም፤ ከባልንጀሮቹ አልፎ ከተማው ሁሉ ይከተለዋል።

አንድ ዓርብ ቆዳ ሊገዛ ወንዙን ተሻግሮ ሲመለስ ዝናብ ያዘው። ከመንገዱ ፈንጠር ብላ አንዲት የሣር ቤት አለች፤ ከደጇ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጠላ አለ ማለት ነው። «ቤቶች!» ብሎ ገባ። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ወደ አርባው የምትጠጋ ሴት ብድግ ብላ መደቡን ጠረገችለት። እንደ ደንቡ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ጣሳውን ሞልታ ሰጠችው።

ጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምንም! ያ ለጠላ ቃል የማያጣ ሰው ዝም አለ። ደግሞ ጎነጨ። እንባ እንባ አለው፤ ሃምሳ ዓመት ሲፈልገው የኖረው ነገር እዚህ ጭቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀው ኖሯል።

«ማን ነው የጠመቀው?» አላት።

«እኔው ነኝ፣ አባቴ። ምነው፣ ኮመጠጠ እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ በይ! እንዲህ ያለ ጠላ በዕድሜዬ ጠጥቼ አላውቅም። ስምሽ ማን ነው?»

«ትርንጎ እባላለሁ።» መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ባሌ ሲሞትብኝ ከእናቴ አገር ይዤ የመጣሁት ይሄን ጋንና ይሄን እጄን ነው። የመጀመሪያውን ጋን ደፋሁት። ጋን አንዴ ከተከፈተ ጠጪ ይፈልጋል፤ በአምስት በስድስት ቀን ካላለቀ ኮመጠጠ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ደግሞ ሰው አያልፍም። እንግዲህ ከወደዱት ለሰው ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም። ይሄም ካልሆነልኝ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።»

«ይሄንን ሳልናገር ብቀር ምኑን ሰው ሆንኩት!» አለ አያ ፈንቴ። ሲናገር ከልቡ ነበር።

ከልቡ የነበረው ግን ወንዙን እስኪሻገር ድረስ ነው። ዝናቡ አባርቶ ብቻውን ሲሄድ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ከሦስት ዓመት በፊት እሱ ራሱ የጠቆማት አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። ሰው ሲበዛባት ጊዜ፣ ከድፍድፉ መጨረሻ የሚወጣውን ቀጭን ቅራሪ ከዋናው ጠላ እየቀላቀለች ትሸጥ ጀመር። የሚያቃጥለው እሱን ነው፤ ያን ጠላ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይላል። «ይችንም ሰው ያበላሻታል» አለ ለራሱ። «በየመደቡ ተጋፍተው ይቀመጡና ሲቸኩሉ ያስቸኩሏታል። ትንሽ ይቆይ። ትንሽ ለብቻዬ ላጣጥመው።» ይቺ «ትንሽ» የምትባል ቃል ናት ጉደኛዋ!

እሁድ ሲሰባሰቡ ባምላኩ፣ «አያ ፈንቴ፣ የዚህ ሳምንት ምን አገኘህ?» አለው።

«ምንም። ዝናቡ መች አስወጣኝ» አለ። ሌላው የጠቆመው ቤት ሄደው ጠጡ። ደህና ነበር። አያ ፈንቴ ጣሳውን ይዞ ወዲያ ማዶ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ወንዙን መሻገር ልማድ ሆነበት። ለጠየቀው ሁሉ ቆዳ ልገዛ ነው ይላል። ውሸቱ እንዳይነቃበት ደግሞ እውነትም ቆዳ ይገዛል። ቤቱ በቆዳ ተሞላ፤ ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን በሬ ሁሉ ልትጭን ነው?» እያለች ትጮህበታለች። እሱ ግን ደስ ብሎት ይኖር ነበር። ትርንጎ በመጣ ቁጥር በር በሩን ታያለች።

«አያ ፈንቴ፣ ሰዎቹስ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ይመጣሉ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቀችው። «ዛሬ ነገ እያሉ ነው» አላት። ከዚያም በኋላ ጠየቀችው። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አይደብቁኝ። እርስዎ የጠቆሙትን ቤት ሰው ጥሎ አያልፍም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ጋ አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም። ወይስ ቀምሰውት ሳልሰማ ጠልተውት ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? እኔ እንኳ ስቄ ይቅር እለው ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር። አፈረ። ሐፍረቱን መሸፈኛ ሲፈልግ ያገኘውን አነሳ።

«አንድ ሁለቱ በመንገድ ሲያልፉ ቀምሰውት ነበር አሉ» አላት ዓይኗን ሳያይ። «እንግዲህ የሰው አፍ ይለያያል። ለሁሉም አይጥምም።»

ትርንጎ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችውና ጀርባዋን ሰጥታ እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። እሱም ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሲመጣ ከደጇ እንጨቱ ብቻ ቆሟል። በሩ በውጭ ተቆልፏል። ከጎን ማሳውን የሚጎለጉል ሽማግሌ ቀና ብሎ፣ «ሄደች» አለው። «ረቡዕ ለት ነው የሄደች። ጋን ሙሉ ጠላ ለከብቶቼ ደፋችው። ኧረ ምነው፣ ይሄ እኮ ገና አልኮመጠጠም ብላት፣ እጄ ለጠላ አይሆንም፤ ሰው ጠልቶታል አለች። አልቅሳ አልቅሳ ነው የሄደች።»

«ወዴት?»

«እኔንጃ። ባዶ ጋኗን በአህያ ጭና ነው የሄደች።»

አያ ፈንቴ የዚያን ቀን ቆዳ ሳይገዛ ተመለሰ።

ናፍቆቱ የጀመረው ወዲያው ነው። መጀመሪያ በየገጠሩ፣ በየበዓሉ፣ በየሠርግ ቤቱ እየዞረ ያን ጣዕም ፈለገው። ሁሉም ጋ የጎደለ ነገር ያገኛል። ጥሩ ጠላ ሲያቀርቡለት እንኳ «ደህና ነው» ብሎ ጣሳውን ያስቀምጣል። ባልንጀሮቹ ተጨነቁለት። አንድ እሁድ ባምላኩ ያዝ አድርጎ ሲጠይቀው ጊዜ ተነፈሰ፤ ከወንዙ ማዶ ስለነበረው ጠላ ነገራቸው።

«የት ነው ያለው?» አሉ ሁሉም በአንድ ላይ።

«የለም። ሄዳለች።»

«ከአንተ ሌላ ማን ጠጣው?»

«ማንም።»

ምን ይበሉት? እነሱ እኮ ድሮ የሞተችውን የእማማ በለጡን ጠላ ሲያነሱ አንዱ ስለ ጌሾው፣ አንዱ ስለ ቀለሙ፣ አንዱ ከዋጡት በኋላ ስለሚቀረው ነገር ይናገራል፤ ተቀባብለው ተቀባብለው ጠላዋን መልሰው አፋቸው ላይ ያመጧታል፤ ይስቃሉ፣ ይተክዛሉ፣ ነፍስ ይማር ይላሉ። አያ ፈንቴ የራሱን ሲያነሳ ግን የሚቀበለው የለም። ለብቻው ስለጠጣው ናፍቆቱም ለብቻው ሆነበት። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የባሰ መጣ፤ ጣዕሙ እየደበዘዘበት ሄደ። «ልክ ነኝ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው እንኳ በዓለም ላይ አልነበረውም። ሌሊት ሌሊት ከሚስቱ ተደብቆ ያለቅስ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ያለቅስ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ገበያ ኮርቻ ሊሸጥ ሄደ። በጌሾ ተራ ሲያልፍ ከአንድ ክምር ጌሾ ኋላ የተቀመጠችውን ሴት አያት።

«ትርንጎ!»

«እንዴ፣ አያ ፈንቴ! በደህና ነው? አረጁ እኮ!»

«ቤትሽ የት ነው? ጠላሽ የት ነው? አሁኑኑ ውሰጂኝ!»

ሳቀች። «የምን ጠላ? እኔ ጌሾ ነው የምሸጠው። የሚችሉት ይጠምቁበታል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እጄ አይሆንም። እርስዎ አይደሉም እንዴ የነገሩኝ? ደግሞ ቅር አላለኝም፤ እውነቱን የሚነግር ሰው ማን ያገኛል።»

አያ ፈንቴ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «ትርንጎ፣ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም» አላት።

«ምን አሉ?»

«ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። የቀመሰው የለም። የጠላው የለም። ለብቻዬ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ስትጠይቂኝ አፍሬ ዋሸሁሽ።»

ትርንጎ ትክ ብላ አየችው።

«ሰባት ዓመት» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ እጄን ስጠላው ኖርኩ። ጎረቤት ሠርግ ኖሮ ጠላ ሲጠነሰስ፣ እንዳላበላሽባቸው ብዬ ውኃ ብቻ ነው የምቀዳው። እንስራ ተሸክሜ እመጣና ከበር እመለሳለሁ።»

እሱ ያለቅስ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ጣዕሙ እንዴት ነበር?» አለችው። «እኔ ረስቼዋለሁ።»

አያ ፈንቴ ተናገረ። ሰባት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረውን አወጣው። ወይራው ከሁሉ ቀድሞ ከአፍንጫ ይደርስ እንደነበር ነገራት። ጌሾው ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቅ እንደነበር፣ የተቆላው ገብስ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመጣ እንደነበር፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ላይ እንደ አዲስ ማር የሚቀር ነገር እንደነበረው፣ ያ የሚቀረው ነገር ወንዙን እስኪሻገር ድረስ አብሮት ይሄድ እንደነበር ነገራት። እጇን ይዞ ነው የሚናገረው። ምን ያህል ሰው ዙሪያቸውን እንደቆመ አላየም።

ጌሾ ልትገዛ የመጣች ሴት ቁናዋን መሬት አስቀምጣ፣ «ኧረ አባቴ፣ ይሄ ጠላ የት ነው ያለው? ይምሩን እንጂ!» አለች። አንድ ነጋዴ፣ «እኔም እከተላለሁ» አለ። «እኛም!» አሉ ከኋላው። ወዲያው ወዲያው ከሃያ በላይ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጋን በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው ነው።

አያ ፈንቴ ትርንጎን አያት። እሷም ሰዎቹን አየች፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉንም አየቻቸው። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ጠላው የለም» አለቻቸው። «ጋኑን ሸጬዋለሁ። ልኩ ያለው እጄ ላይ ነበር፤ እጄ ደግሞ ትቶታል። የዛሬ ሰባት ዓመት ብትመጡ ኖሮ ደጄን በከፈትኩላችሁ።»

ሰዎቹ ነገሩ ግራ እንደገባቸው ወደየጉዳያቸው ሄዱ።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው «ስስት መጥፎ ነው» ብሎ ጨረሰልኝ። እኔ ግን አያ ፈንቴን እንዲህ በቀላሉ መርገም አልሆነልኝም። ሰውየው ጠላውን ይወደው ነበር። የደበቀው እንዳይበላሽበት ፈርቶ ነው፤ እኛም የምንወደውን ስንደብቅ ምክንያታችን ይኸው ነው። የረሳው ነገር ቢኖር፣ ጥሩ ነገር የሚሠራ ሰው ከእኛ ከወዳጆቹ አፍ የሚጠብቀው ቃል እንዳለ ነው። ያ ቃል ሳይደርሰው ሲቀር «ባልረባ ነው» ብሎ ያምናል። አምኖም ይተወዋል። ከዚያ በኋላ እኛ ብናለቅስ፣ ብንናፍቅ፣ በገበያ መሐል ብናወድሰው፣ እጁን አንመልስለትም።

እናንተስ ለብቻችሁ የምታጣጥሙት የማን ሙያ ነው? የጎረቤታችሁ ዳቦ ነው? ከቢሮ የምታውቁት ልጅ ጽሑፍ ነው? በሠርግ ላይ አንዴ የሰማችሁት ድምፅ ነው? ለሌላ ሰው ነግራችሁለታል? ከዚያ በፊት ደግሞ ለራሱ ነግራችሁታል? ካልነገራችሁት ዛሬውኑ ሂዱ። ምናልባት አሁን፣ እናንተ ይህን ስታነቡ፣ መዳፉን ገልብጦ እያየ ይሆናል።