የእትዬ አስካለ እንቁላሎችና የመሐሏ ሽቦ

በእኛ ሰፈር፣ በደብረ ብርሃን፣ ሰው ያገኘውን ቻርጀር አንሥቶ ስልኩን ሊሰካ ሲጣደፍ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። የዛሬ ልጆች ይሉታል እንጂ ከየት እንደ መጣ አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ጭሱን በአፍንጫዬ አሽትቼዋለሁና።

ያኔ ከጋሽ ደምሰው ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተጋርተን እንሠራ ነበር፤ እሳቸው ሬዲዮና ቴፕ፣ እኔ ሰዓት። ጋሽ ደምሰው አንድ ልማድ ነበራቸው። የመብራቱን ኃይል የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር ከመሣሪያው ቦርድ ጋር ከማገናኘታቸው በፊት በመውጫው ላይ የመኪና አምፖል ያበራሉ። «መለኪያዬ እሷ ናት» ይላሉ። ረጋ ብላ ከበራች፣ ሶኬቱን ነቅለው ቦርዱን ያስራሉ። ቦግ ብላ ከተቃጠለች ደግሞ፣ «አምፖል ቢሞት ሌላ አለ፤ ቦርድ ቢሞት ማን ያስነሣዋል?» ይሉ ነበር። ያቺ ሱቅ ዛሬ ልብስ መሸጫ ሆናለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ አምፖል ትታወሰኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እየሮጡ መጡ። የጫጩት መፈልፈያ ሳጥናቸው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ውስጡ ስልሳ እንቁላል አለ፤ ሊፈለፈል ሦስት ቀን ቀርቶታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ተስፋ ያ ሳጥን ነው። ብርዱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው።

ጋሽ ደምሰው ለቅሶ ሄደው ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበረው ለሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህታቸው ልጅ ልዑልሰገድ ነው። ሚዜ ነውና ሱፉን ግጥም አድርጓል፤ መኪናው ውጭ ክላክስ ያደርግበታል።

«አይዞዎት እትዬ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለና ከመደርደሪያው አንድ ትራንስፎርመር አንሥቶ ወደ ቤታቸው ገባ። ተከተልኩት። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ ቦርዱ የሚቀበለው ሁለት ነው።

«ይቺ የመሐሏ ትርፍ ናት» ብሎ ቆረጣት።

«ኧረ ቆይ፣ በጋሼ አምፖል እንየው!» አልኩት።

«በመኪና አምፖል? አንተ ሰዓትህን ጠግን!» ብሎ ሳቀብኝና ሰካው።

ቦርዱ ጠሽ አለ። ጭሱ ቤቱን ሞላው። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ይዘው፣ «ወይኔ! ነፍስ አለባቸው እኮ!» ብለው ጮኹ።

ጋሽ ደምሰው ከለቅሶ ሲመለሱ ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደረሱ። ሶኬቱን ነቀሉ። አምፖላቸውን አምጥተው በሁለቱ ዳር ሽቦዎች ላይ አሰሩና መልሰው ሰኩ፤ ቦግ ብላ ሞተች።

«አየህ?» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ። «ከመሐሏ እስከ ዳር ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ አምፖሏም ቦርዱም የሚችሉት ይህንን ነው። ከዳር እስከ ዳር ግን ሃያ አራት ነው። ትርፍ ያልካት ናት ልኩ።»

«ጋሼ፣ አዲስ ቦርድ ገዝቼ...»

«ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንቁላሉ ይበርዳል። ለመሆኑ የቦርዱ ሥራ ምን ነበር?»

«ሙቀቱን እያየ ማሞቂያውን ማብራትና ማጥፋት።»

«እንግዲያው ሱፍህን አውልቅ። ከዛሬ ጀምሮ ቦርዱ አንተ ነህ።»

ማሞቂያውን ለብቻው ከማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኙለትና ቴርሞሜትር አስጨበጡት። ሠርጉ ያለ ሚዜ አለፈ። ልዑልሰገድ ሦስት ቀን ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲያበራና ሲያጠፋ ዓይኑ በርበሬ መሰለ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ምሳውን አስቀምጠውለት ፊታቸውን አዙረው ይወጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ጋቢ ደረቡለት፤ ሲያንጎላጅም ይተኩት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን «ተሰነጠቀ!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ሮጥን። እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። እስከ ማታ አርባ አንድ ጫጩት ወጣ። ዐሥራ ዘጠኙ ግን እንደ ቀዘቀዙ ቀሩ።

ልዑልሰገድ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል እትዬ አስካለ ያዙት። ያልተፈለፈሉትን በሰፌድ እንደያዙ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፤ ብቻ የትም ብትሄድ ይህቺን አትርሳ፦ ሳይለካ የሰካ፣ ጭስ ለካ» አሉት።