ዶሮና የምንጩ አዋጅ

ተረት ተረት፤ የጭጋግ በረት።

ድሮ ድሮ፣ ጭጋግ እስከ ረፋድ በሚተኛበት አገር የሁሉም የሆነች አንዲት ምንጭ ነበረች። ዶሮ ከዚያች ምንጭ በተጎነጨች ቁጥር ቀና ብላ ሰማዩን እያየች ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ኤሊ ደግሞ ጠጥታ ስታበቃ አንገቷን ወደ ድንጋይ ቤቷ አስገብታ፣ በጨለማው ውስጥ ለብቻዋ ታመሰግናለች።

አያ አንበሳ የዶሮን ነገር ወደደና፣ «ከእንግዲህ ከምንጩ የሚጠጣ ሁሉ እንደ ዶሮ ሽቅብ አይቶ ያመስግን! እምቢ ያለ አይጠጣም!» ብሎ አወጀ። ጦጣንም ጠባቂ አድርጎ ከምንጩ በላይ ባለው ዛፍ ላይ ሾመ።

ዶሮ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

«እሜት ኤሊ፣ ቀና ማለት ምን ይከብዳል?» አለቻት።

«እኔና ፈጣሪዬ የምንገናኘው እዚህ ቤቴ ውስጥ ነው፣ እህቴ» አለች ኤሊ። ከነጥማቷ ቀስ እያለች ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

ዶሮ ጎንበስ ብላ ተጎነጨች። እንደ ልማዷ ቀና ስትል ግን ከሰማዩ በፊት የጦጣ ዓይን ገጠማት። አንገቷን ወደ ግራ ብታዞር፣ ያው ዓይን እዚያም ተከተላት።

«አይቻለሁ፤ አመስግነሻል፤ እለፊ!» አለቻት ጦጣ።

ዶሮ ግን ገና አላመሰገነችም ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በምንጭ ውኃ አርሱ።