የደብሪቱ ደቦ

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ ደብሪቱ?»

«ከሠራተኞቼ ጋር፣ ጭቃ ሹም።»

«የታሉ?»

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ። ቀስ ይበሉ፣ ምግብ ላይ ናቸው።»

ጠጋ በሉ ልጆች። ይህ የሆነው ድሮ፣ ከጉና ተራራ ሥር ነው። ደብሪቱ አንዲት ፍየልና አንድ የደከመ ማሳ ያላት ባልቴት ነበረች። ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ከምላሷ የፈጠነ። ጭቃ ሹም ገብረየስ ደግሞ ሃያ ከብት ነበረው። ንፉግ ነው። ምን ያህል ንፉግ? የከብቶቹን እበት በረት ውስጥ ይቆልፍበታል!

«ለመስቀል ከዚህ ማሳ አንድ ስልቻ ድንች ካላወጣሽ፣ ማሳው የእኔ ነው» ብሏታል፤ ያውም በሽማግሌ ፊት።

አሁን ጉድጓዱን አጎንብሶ አየ። የፍየል በጠጥ፣ አመድ፣ የበሰበሰ ቅጠል። «ማንም የለም እኮ!»

«በዓይን አይታዩም። እልፍ ናቸው። ደቦ ጠርቻቸው ነው። እጅዎን ይክተቱ።»

ከተተ። ቶሎ አወጣ። «ይፋጃል!»

«ሲሠሩ ይሞቃቸዋል።»

«ጠላ ይጠይቃሉ?»

«ውሃ ይበቃቸዋል።»

«እንጀራስ?»

«ይኸው የሚያዩትን ነው የሚበሉት።»

ጭቃ ሹም ምራቁን ዋጠ። እልፍ ሠራተኛ፣ ያለ ጠላ፣ ያለ እንጀራ! «ለእኔም ስጪኝ።»

«ጠግበው ካልበዙ ቤት አይለውጡም። የእኔ ፍየል ደግሞ አንዲት ናት።»

በየካቲት ጭቃ ሹም በረቱን ከፍቶ ወደ ደብሪቱ ጉድጓድ እበት አስጫነ። «ጠገቡ?» «ገና ናቸው።»

በመጋቢት አስጫነ። «ጠገቡ?» «ገና ናቸው።»

በሚያዝያ እያጉረመረመ አስጫነ። «አሁንስ?» «አሁን ጠገቡ።»

ደብሪቱ እበቱን በሣር ስትሸፍን፣ ስታገላብጥ፣ ውሃ ስታጠጣ ከረመች። ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጥቁር፣ የጫካ አፈር የሚሸት አፈር ነበር። በማሳዋ ላይ በትና ድንቿን ተከለች። ለጭቃ ሹምም አንድ ቅል ሙሉ ሰጠችው።

«ማብላቱን እንዳይረሱ» አለችው።

«እኔ ዘንድ መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ይበላል!»

እሱም ድንች ተክሎ ቅሉን እርሻው መሐል ደፋ። በረቱን ቆለፈ። በየጠዋቱ ይወጣል።

«ተነሡ!» መሬቱ ዝም።

«ሥሩ!» መሬቱ ዝም።

«እናንተ ሰነፎች!» ኧረ ዝም።

መስቀል ደረሰ፤ ሽማግሌዎች መጡ። ደብሪቱ ስትቆፍር ጡጫ ጡጫ የሚያክል ድንች ወጣ፤ ሦስት ስልቻ ሞላ። ጭቃ ሹም ቢቆፍር የፍየል በጠጥ የሚያክል ወጣ።

«አታለለችኝ! ሰነፍ ሰነፎቹን መርጣ ነው የሰጠችኝ!»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ አባ ወንድይፍራው፣ ጢማቸውን አሹ። «ደቦ ጠርተህ ነበር?»

«ጠርቼ ነበር።»

«አበላህ?»

«ሳይሠሩ ምን ብዬ!» አለ ጭቃ ሹም።

«ደቦ ጠርቶ ያላበላ፣ ምርት አይጠይቅም። ከሰውም፣ ከመሬትም። ማሳው የእሷ ነው» አሉ አባ ወንድይፍራው።

ከሰዓት በኋላ የድንች ቅቅል ሽታ መንደሩን ሞላው። ጭቃ ሹም ደብሪቱ ደጅ ላይ ቆመ።

«ደብሪቱ... አንድ ብቻ። በሚጥሚጣ።»

ብቅ አለች፤ ጉንጯ ሙሉ ነው።

«እኔም ዘንድ መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ይበላል» አለችው።

ዶማዋን አስጨበጠችውና በሩን ዘጋች።