ነኾዳ ሳሊህን ከባሕር ያወጡ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ሳምቡክ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ሸራቸውን ወጥረው ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ደሴቶች በሚመላለሱበት ዘመን፣ ሳሊህ የሚባል ነኾዳ ነበረ፤ ነኾዳ በዚያ አገር የጀልባ አለቃ ማለት ነው። ሰዎች «ባሕሩን እንደ ጓሮው ያውቀዋል» ሲሉት አይወድም ነበር። «ጓሮ ሰው አይውጥም» ይላቸዋል።

ዓሣ ማጥመድ ያማረው ሰው ሁሉ ለብቻው ጀልባ መያዝ አይችልምና፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተባብረው የሳሊህን ሳምቡክ ለአንድ ቀን ይከራዩ ነበር። አንድ እሑድ ማለዳ ሦስት ሰዎች መጡ። አቶ ይፍሩ የደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ሐይቅ ዳር ጥቃቅን ዓሣ እያጠመዱ ያደጉ፣ «አንድ ቀን ከእኔ የሚበልጥ ዓሣ እይዛለሁ» እንዳሉ ጸጉራቸው የሸበተ። አንዳርጌ የጣና ዳር ልጅ ነው፤ ጭነቱ ከወደብ እስኪወጣለት የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር። ሲስተር ውድነሽ ነርስ ነች፤ ከደጋ ወርዳ ባሕር ስታይ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። የጀልባዋን መሪ የሚይዘው የሳሊህ ታናሽ ወንድም ዑመር ነው።

ከደሴቶቹ መሐል ሲደርሱ ነፋሱ ጋብ አለ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ወደ ታች ሲያዩት ጀልባዋ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስል ነበር። ከሥሯ ኮራል የሚባለው የባሕር ውስጥ ደን ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የዓሣ መንጋ አንድ ልብ እንዳለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞሮ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ሁሉ ከታች እየኖረ እኛ ከላይ ምንም ሳናውቅ» አለች ሲስተር ውድነሽ፣ ቀስ ብላ።

ሁሉም በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አጎነበሱ። ሳሊህ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር ነው፤ ግን እንግዶቹ ሲያዩት እሱም እንደ አዲስ አየው።

ነፋሱ ሲመለስ ወደ ጥልቁ ወጥተው ሲባጎአቸውን ጣሉ። አንዳርጌ መቀመጫ ቢጠበው የተጠቀለለውን የአቶ ይፍሩን ሲባጎ በእግሩ ገፋ አድርጎ ነኾዳው ወደቆመበት አስጠጋው። ይህን ያደረገው ምንም ሳያስብ ነው፤ ያየውም የለም።

ከቀትር በፊት የአቶ ይፍሩ ሲባጎ ተወጠረ። ከዚያ ባሕሩ ተከፈተና ዓሣው ወጣ። አፉ እንደ ጦር ረዝሟል፤ የጀርባው ክንፍ እንደ ሸራ ተዘርግቷል፤ ጎኑ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ብር ተለወጠ። ቁመቱ የሁለት ሰው ያህል ነበር። በአየር ላይ ቆመ ብትሉ ማጋነን አይሆንም፤ ሳሊህ ከአባቱ ጋር ባሕር ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ አላየም። አምስቱም ተነሥተው ቆሙ። አቶ ይፍሩ የያዙትን ሲባጎ በሁለት እጃቸው ይበልጥ ጨበጡ።

ዓሣው ተመልሶ ገባና ቁልቁል ወረደ። የተጠቀለለው ሲባጎ እየተተረተረ ሲከተለው አንዱ ቀለበት የሳሊህን ቁርጭምጭሚት ያዘ፤ ነኾዳው «ያ አላህ» ለማለት እንኳ ሳይደርስ ከጀልባዋ ተስቦ ባሕሩ ውስጥ ገባ።

ውሃው ውስጥ የሆነውን ሳሊህ ራሱ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወደ ታች እየተሳበ ሳለ የጀልባዋን ሆድ ከላይ አየው፤ አንዲት ቅጠል ታህላለች። ከእግሩ በታች ያ ግዙፍ ዓሣ በጨለማው አፋፍ ላይ ያበራል። ፍርሃቱ ሳያስበው ለቀቀው። ሚስቱን አላሰበም፤ ልጆቹን አላሰበም፤ በኋላ በዚህ አፍሯል። ያኔ በልቡ ያለው «ሱብሓነላህ»፣ ጥራት ለአላህ ይሁን፣ የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ መውረዱ ቆመ። ከታች ዓሣው፣ ከላይ ደግሞ አንድ ሰው ይስቡት ጀመር፤ በሁለቱ መሐል ተንጠለጠለ። ትንፋሹ እያለቀ ሄደ። አንድ እጅ ጸጉሩን ሲይዘው ተሰማው፤ ሌላ ነገር አያስታውስም።

የቀረውን ዑመር ነገረው።

ነኾዳው ሲወድቅ ሲባጎው በአቶ ይፍሩ እጅ ውስጥ እያለፈ መዳፋቸውን ይቆርጥ ነበር። ዑመር መሪውን ቢለቅ ጀልባዋ ትገለበጣለች፤ ከቦታው ሆኖ «ይልቀቁት! ሲባጎውን ይልቀቁት!» አለ። አቶ ይፍሩ አልለቀቁም። እግራቸውን ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር አጣብቀው፣ ደሙ በክንዳቸው ሲወርድ ያዙ። ለቅቀው ቢሆን ኖሮ ዓሣው ሳሊህን ይዞት ማንም ወደማይደርስበት ይወርድ ነበር።

አንዳርጌ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። የዓሣ ማረጃውን ቢላ በጥርሱ ነክሶ ሲባጎውን ተከትሎ ጠለቀ። ጣና ላይ የለመደው ጥልቀት አልነበረም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲፈነዳ ተሰማው። ግን አልተመለሰም። ከሳሊህ እግር በታች ሲባጎውን ቆረጠ፤ ዓሣው ከነመንጠቆው ሄደ። ነኾዳውን በጸጉሩ ጎትቶ አወጣው።

ሳሊህን ጀልባዋ ላይ ሲያስተኙት ትንፋሽ አልነበረውም። ፊቱ ጠቁሯል። ዑመር እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጠበቀና ለሟች የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ብሎ ሽርጡን ሊያለብሰው ዘረጋ። ሲስተር ውድነሽ ሽርጡን ከእጁ ነጠቀችው። ደረቱን ትጫናለች፣ አፏን አፉ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትጫናለች። አንዳርጌ «እህቴ፣ ተይው፣ አልፏል» አላት። አቶ ይፍሩ «አታንገላቺው ልጄ፣ ይረፍ» አሏት። አልሰማቻቸውም። አንድ የጎን አጥንቱ ከእጇ በታች ቀጭ አለ፤ እሷ አላቆመችም። ተስፋ ከቆረጡ ቆይተው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ በመለሱበት ጊዜ፣ ሳሊህ ሳለና ውሃውን ተፋው።

ወራት አለፉ። ያቺ ሳምቡክ አርጅታ ስለነበር ሳሊህ አዲስ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ እሱ አገግሞ ሲነሣ አዲሲቱም ተሠርታ አለቀች። በሳሊህ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ጀልባ ስም የሚወጣላት ባለቤቷን ከሞት ባተረፈ ሰው ነው። የአያቱ ሳምቡክ ኸዲጃ ትባል ነበር፤ አያቱ ውሃ በሌለበት ደሴት በጥም ሊሞት ሲል ያጠጣችው ሴት ስም ነው። የአባቱም እንዲሁ በባለውለታው ተሰይማ ነበር። ስሙ የተቀረጸለት ሰው፣ እሱም ልጆቹም፣ ለዘላለም የቤቱ ዘመድ ናቸው። ስም ያልወጣላት ጀልባ ባሕር አትገባም።

«ሦስቱንም ልጻፍ?» ብሎ እናቱን ጠየቃት።

«ሦስት ስም ያላት ስም የላትም» አለችው።

ስለዚህ ሦስቱን አስጠራቸው። መጡም። አዲሲቱ ሳምቡክ አሸዋው ላይ ቆማ፣ ጠራቢው መሮውን ይዞ ከጎኗ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳሊህ ተራ በተራ ጠየቃቸው።

አቶ ይፍሩ እጃቸውን ዘረጉለት። መዳፋቸው ላይ ጠባሳው ወፍሮ ጣታቸው አይታጠፍም፤ ከእንግዲህ መርፌ አይይዙም። «ከዚያ ወዲህ የምሰፋው የለኝም» አሉ።

«አቶ ይፍሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው ሳሊህ። «ያን ጊዜ የያዙት ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለዓሣው?»

አቶ ይፍሩ የማይታጠፉትን ጣቶቻቸውን አዩ። «መጀመሪያ ለዓሣው ነበር። ለአንተ የሆነው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ አልዋሽህም።»

አንዳርጌ የሚሰማበትን ጆሮውን አስጠግቶ ቆመ። «ሲባጎውን በእግሬ ወደ አንተ የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይህን ሳታውቅ ስሜን እንድታስቀርጽ አልፈልግም። ግን ጥፋቴን ልክፈልህ ብዬ አይደለም የገባሁት። ስትወድቅ አየሁ፤ ገባሁ። ሌላ የሚገባ አልነበረም።»

ሲስተር ውድነሽ አሸዋውን እያየች ነበር። «እኔ ምንም አላጣሁም» አለች። «እጄም ደህና ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው። ያደረግሁትም ሥራዬን ነው። ግን ነኾዳ፣ እውነቱን ከጠየቁኝ፣ ሁለቱ ያወጡት ሬሳ ነበር።»

ይህን ስትል ሁለቱ ወንዶች አልተቆጡም፤ ቀና ብለው ሳሊህን አዩት። እሱ በሕይወት ፊታቸው ቆሟል፤ ይተነፍሳል፤ ሦስቱም እንደ ተአምር ያዩት ነበር።

ሳሊህ ወደ ባሕሩ ዞረ። ነፋሱ ተነሥቷል፣ የሌሎች ሸራዎች ከወደቡ እየወጡ ነው፣ የእሱ ግን አሸዋው ላይ ናት። አንዱ ባይይዝ ሁለተኛው የሚደርስበት ሰው አያገኝም፤ ሁለተኛው ባይጠልቅ የአንዱ መያዝ ከንቱ ነው፤ ሦስተኛዋ ባትኖር ደግሞ የሁለቱም ድካም ለቀብር ነበር። ጠራቢው መሮውን እንጨቱ ላይ አኑሮ «ማን ልበል?» አለው።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ ጠራቢው እየጠበቀ ነው። ያቺ ሳምቡክ የማንን ስም ይዛ ባሕር ትግባ?